ከጅዳ የሚላከው ማጫወቻ ለዲማ ቤት ይበጃልን?



ከምሥራቅ ጎጃሟ ዲማ አንድ ጥያቄ ደርሶናል። ጠያቂዋ እናት ናቸው። በጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ደውላ፣ «እማዬ፣ ቤትሽን እንደ ሲኒማ ቤት የሚያደርግ ብሉሬይ የሚባል ማጫወቻ አግኝቻለሁ። ዕቃውን ልላክልሽ ወይስ ብሩን?» ትላቸዋለች። እናትም «ዕቃውም ብሩም የአንቺ ላብ ነው፤ አስጠይቄ እነግርሻለሁ» ብለው ጉዳዩን በታናሽ ልጃቸው አስጽፈው ላኩልን። በቤታቸው 32 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና ዲሽ ከነሪሲቨሩ አለ። ከዚህ ሌላ በሣጥን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አሏቸው። አንደኛው የበኩር ልጃቸው ኒካሕ የተቀረጸበት ቪሲዲ ነው። ሁለተኛው ሟች ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዓረብ አገር ለነበረ ወንድማቸው በደብዳቤ ፈንታ ድምፃቸውን የቀዱበት ካሴት ነው። «አዲሱ ማጫወቻ እነዚህንም ያጫውትልን እንደሆነ ንገሩን» ይላሉ።

ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነው። የሚላከው ዕቃ በፍቅር የተገዛ ስለሆነ ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። ሳይጠየቅ ቀርቶ ዕቃው ከመጣ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲለብስ ግን የሚባክነው የልጅ ጉልበት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ እንመልከተው።

ብሉሬይ ምን የተለየ ነገር አለው?

በዲስክ ላይ ያለው ምስልና ድምፅ ለዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች የተጻፈ ነው። ማጫወቻው በቀጭን የሌዘር ብርሃን ያነበዋል። ብርሃኑ በቀጠነ ቁጥር ጉድጓዶቹን ይበልጥ አሳንሶና አቀራርቦ መጻፍ ይቻላል። ሲዲ 780 ናኖ ሜትር፣ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ጨረር ይነበባሉ። ብሉሬይ የሚነበበው 405 ናኖ ሜትር በሆነ ወደ ወይን ጠጅ በሚያደላ ሰማያዊ ጨረር ነው። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። ባለ አንድ ንብርብር ብሉሬይ 25፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ 50 ጊጋ ባይት ይይዛል። የምስሉን ነጥብ ብንቆጥር፣ ቪሲዲ አንዱን ምስል በ352 በ288 ነጥብ ይሥላል፤ ይህም አንድ መቶ ሺህ ያህል ነጥብ ነው። በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት ዲቪዲ በ720 በ576፣ ማለትም ከአራት መቶ ሺህ በላይ በሆነ ነጥብ ይሥላል። ብሉሬይ 1920 በ1080 ሲሆን ከሁለት ሚሊዮን ነጥብ ያልፋል። ከዲቪዲ አምስት እጥፍ፣ ከቪሲዲ ሃያ እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ደግሞ ይህንኑ በአራት ያበዛዋል።

እንግዲህ ልጅቱ «እንደ ሲኒማ ቤት» ማለቷ መሠረት አለው። ችግሩ ማጫወቻው ብቻውን ምስል አለማሳየቱ ነው። ምስሉን የሚያሳየው ቴሌቪዥኑ ነው፤ የሚያየው ደግሞ የሰው ዓይን ነው።

የቴሌቪዥኑ ስፋትና የመቀመጫው ርቀት

32 ኢንች የሚባለው ቴሌቪዥን የመስኮቱ ወርድ 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሚሊዮኑ ነጥብ በዚህ ስፋት ላይ ሲሰፍር የአንዱ ነጥብ ወርድ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ጤነኛ ዓይን ይህን ያህል ጥቃቅን ነጥብ ለይቶ ለማየት ከቴሌቪዥኑ ከ1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙ መራቅ የለበትም። ከዚያ እየራቁ በሄዱ ቁጥር የብሉሬይ ብልጫ እየደበዘዘ ይሄዳል። ወደ 3 ሜትር ተኩል ሲደርሱ ዓይን የዲቪዲውንም ነጥብ መለየት ያቆማል። ያን ጊዜ በዝርዝር ረገድ በሁለቱ መካከል የሚታይ ልዩነት አይኖርም። የቀለሙ ልስላሴና የድምፁ ጥራት ልዩነት ይቀራል፤ ነገር ግን ለዚህም ጥሩ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል።

በአብዛኛው ቤት ቴሌቪዥኑ አንዱ ግድግዳ ጋ፣ ሰው ደግሞ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ነው የሚቀመጠው። በመካከል ረከቦት፣ ጠረጴዛና ልጆች አሉ። ርቀቱ ከ3 ሜትር ብዙም አያንስም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የ32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ራሳቸው 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ያላቸው ናቸው። የብሉሬይን ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ተቀብለው ግማሹን ብቻ ያሳያሉ። በእንስራ የመጣ ውኃ በጆግ ቢቀበሉት የሚተርፈው የጆጉን ያህል ነው።

55 ኢንች ቴሌቪዥን ላለው ሰው ነገሩ ይለያል። ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ተቀምጦ የብሉሬይን ጥራት ሙሉ በሙሉ ማየት ይችላል። ስለዚህ «ብሉሬይ ጥሩ ነው ወይ?» ከማለት በፊት «ቴሌቪዥኔ ስንት ኢንች ነው? ከስንት ሜትር ነው የማየው?» ማለት ይቀድማል። ጠያቂያችን ቤት ባለው ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ማጫወቻው ቢመጣም የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው።

ዲስኩስ ከየት ይመጣል?

ማጫወቻ ያለ ዲስክ ባዶ ቆርቆሮ ነው። በአገራችን ገበያ በሰፊው የተሸጡት የአማርኛ ፊልሞች፣ ድራማዎችና ትምህርታዊ ቅጂዎች በቪሲዲና በዲቪዲ የወጡ ናቸው። ኋላ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ ዞረ። የብሉሬይ ዲስክ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቢቸና ሱቅ ገብቶ እንደ ሳሙና የሚጠየቅ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ዲስኩም እንደ ማጫወቻው ከውጭ ይላክ ሊባል ነው።

ከውጭ የሚላከው ዲስክ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አምራቾች ዓለምን በክልል ከፋፍለው አንዱ ክልል የገዛው ዲስክ በሌላው እንዳይሠራ ቁልፍ አድርገውበታል። በዲቪዲ አከፋፈል ኢትዮጵያ በ5ኛው ክልል ስትሆን ሳዑዲ ዓረቢያና ግብፅ በ2ኛው ናቸው። ከጅዳ የተገዛ ባለ ቁልፍ ዲቪዲ፣ ክልሉን አጥብቆ በሚጠብቅ የእኛ አገር ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ቁልፉን ስለማይጠብቁ ነው ችግሩ ብዙ ጊዜ የማይታወቀው። በብሉሬይ አከፋፈል ግን አፍሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አውሮፓ አንድ ላይ በ«ቢ» ክልል ይገኛሉ። በዚህ በኩል ከጅዳ የሚመጣው ከእኛው ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ የሚመጣው «ኤ»፣ ከሕንድና ከቻይና የሚመጣው «ሲ» ነው። አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ የክልል ቁልፍ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። አዳዲስ ፊልሞች የሚጻፉበት ምስጢራዊ ቁልፍ በየጊዜው ስለሚለወጥ ማጫወቻው አልፎ አልፎ ውስጣዊ ፕሮግራሙ መታደስ አለበት። አለዚያ የትናንቱን ዲስክ ሲያነብ የቆየ ማጫወቻ የዛሬውን አላውቀውም ይላል። ማደሱ በኢንተርኔት ወይም ከኩባንያው ድረ ገጽ በፍላሽ ተቀድቶ የሚከናወን ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ በቤት ውስጥ ከሌለ ዕቃው ሳይበላሽ የተበላሸ ይመስላል።

በዓለም ገበያ የሆነው ነገር

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስንገዛ የምንገዛው ዛሬን ብቻ ሳይሆን የነገውንም መለዋወጫና የነገውን ዲስክ ጭምር ነው። በዚህ ረገድ ብሉሬይ የሚነግረን ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል የሚያሳዩ ሁለት የዲስክ ዓይነቶች ተፎካካሪ ሆነው ለገበያ ቀረቡ። አንደኛው ሶኒና ጓደኞቹ የያዙት ብሉሬይ፣ ሁለተኛው ቶሺባ የሚመራው ኤችዲ ዲቪዲ ነበር። አንዱ የሌላውን ዲስክ አያነብም። በየአገሩ ሰው አንደኛውን መርጦ ገዛ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ዋርነር የተባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ ወደ ብሉሬይ ማዘንበሉን አስታወቀ። በተከታዩ ወር በ19ኛው ቀን ቶሺባ ከውድድሩ መውጣቱን ተናገረ። ኤችዲ ዲቪዲ የገዙ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ፊልም የማይወጣለት ማጫወቻ ታቅፈው ቀሩ። ዕቃው ግን አልተበላሸም ነበር።

አሸናፊው ብሉሬይም ዛሬ በጥንካሬው ላይ አይደለም። ኦፖ የተባለው በጥራቱ የታወቀ አምራች እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚህ ሥራ ወጣ። ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ ማጫወቻ ማውጣቱን አቆመ። ኤልጂም በ2024 ማጫወቻዎቹን ከምርት አወጣ። ሶኒ ራሱ በ2025 ሰው በቤቱ የሚቀዳበትን ባዶ የብሉሬይ ዲስክ ማምረት አቁሟል። ማጫወቻ የሚሠሩ ጥቂት ኩባንያዎች ቢኖሩም፣ ሰው ከዲስክ ወደ ኢንተርኔት መዞሩን ይህ በግልጽ ያሳያል።

የመብራት፣ የጢስና የብርድ ነገር

ጅዳ ላይ በሱቅ የሚያበራ ዕቃ በጎጃም ደጋ ላይ እንዴት እንደሚሠራም ማሰብ ያስፈልጋል።

አንደኛው መብራት ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከማጫወቻው ጀርባ ወይም ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰካል። «110» ወይም «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መወዛወዝ የዚህ ዓይነቱን ዕቃ ዕድሜ ስለሚያሳጥር ስታቢላይዘር መግዛት ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይታሰብ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መሰካትም ምንም ዋጋ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

ሁለተኛው ጢስና ጥላሸት ነው። ዲስኩን የሚያነበው የሌዘር ዓይን በጣም ትንሽ መስታወት ነው። ምድጃው ከመኖሪያው ክፍል በማይርቅበት ቤት ጥላሸትና ቅባት ቀስ በቀስ ይለብሰዋል። ማጫወቻው «ዲስክ የለም» ማለት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የብሉሬይ ጽሑፍ ከዲስኩ ገጽ በ0.1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ሲገኝ የዲቪዲው 0.6 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። የብሉሬይ ገጽ ጠንካራ ልባስ ስላለው በቀላሉ አይጫርም። ነገር ግን ጥርት ያለ ንባብ ስለሚፈልግ የጣት አሻራና ቅባት ያስቸግረዋል። ዲስክ ሲጠረግ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ እንጂ እየተዞረ አይጠረግ።

ሦስተኛው ብርድ ነው። በደጋ ሌሊት የቀዘቀዘ ማጫወቻ እሳት ወዳለበት ሞቃት ክፍል ሲገባ በውስጡ ጤዛ ይይዛል። ወዲያው ከመክፈት አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ይገባል። ከመንገድ የመጣ አዲስ ዕቃም እንዲሁ ይደረግ።

አራተኛው ጠጋኝ ነው። የተራ ዲቪዲ ማጫወቻ የሌዘር ዓይን ቢሞት የሚቀይር ባለሙያ በዞን ከተማ ይገኛል፤ ከሌላ ማጫወቻ ተፈትቶም ይገጠማል። የብሉሬይ መለዋወጫ ግን ለሠሪውም ለገዢውም ሩቅ ነው።

መሰኪያውን አንርሳ

በአንዳንድ ቤት ከኋላው የሚወጣው የድሮው ቴሌቪዥን አሁንም ያገለግላል። ይህ ቴሌቪዥን ምስልና ድምፅ የሚቀበለው በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ነው። የፊልም ባለቤቶች ቅጂ እንዳይሰረቅባቸው ባወጡት ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ማብቂያ በኋላ የተሠሩ የብሉሬይ ማጫወቻዎች በቢጫው ገመድ ምስል አያወጡም። መውጫቸው ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ይህ መሰኪያ ከሌለው አዲሱ ማጫወቻ ቢላክም አይገናኙም። ጠያቂያችን ያላቸው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በመሆኑ በዚህ በኩል ላይቸገሩ ይችላሉ፤ ሆኖም ከኋላው ማየት አይከፋም።

ሣጥን ውስጥ ያለው ሀብት

አሁን ወደ ጥያቄው ልብ ደርሰናል። እናት «እነዚህንም ያጫውትልን እንደሆነ» ያሉት ቪሲዲውንና ካሴቱን ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ቤት ትልቁ ጉዳይ ከጅዳ የሚመጣው ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ነው።

ስለ ቪሲዲው እውነቱን እንናገር። ብሉሬይ ማጫወቻዎች በአብዛኛው ዲቪዲና የሙዚቃ ሲዲ ያነባሉ። ቪሲዲ ግን የማያነቡ ብዙ ናቸው። ውዱ አዲስ ዕቃ መጥቶ የልጅን ኒካሕ «አላውቅም» ሊል ይችላል ማለት ነው። በሱቅ ጥግ የሚገኘው ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ያነበዋል። ካሴቱን ደግሞ አንዱም አያጫውተውም።

ሁለቱም እያረጁ ናቸው። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ ዕድሜው ረጅም ነው። የሠርግ ቀራጭ በኮምፒውተር የቀዳው ዲስክ ግን የተጻፈው በቀለም ላይ ስለሆነ ሙቀትና ብርሃን ያደበዝዙታል። የካሴት ክርም በእርጥበትና በዕድሜ ይደክማል። ከሁሉ የሚከፋው የሚያጫውተው ዕቃ መጥፋቱ ነው። በየቤታችን «ቪዲዮ ዴክ» እየተባለ የሚታወቀውን የትልቁን ክር ማጫወቻ በመጨረሻ ሲሠራ የቆየው ፉናይ የተባለ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ምርቱን አቁሟል።

ዲማ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ አላት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው መጽሐፋቸውም ስሟን በአገሩ ሁሉ ያሳወቋት ቦታ ናት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ በጆሮው አነበበው። ያ ድምፅ ምስል የለውም፤ ስለ ጥራቱም የዛሬ ሰው ብዙ ሊያማርር ይችላል። ነገር ግን ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ እየተገለበጠ ተራኪው ካለፈ በኋላም ይሰማል። ያኖረው የማጫወቻው ጥራት አይደለም፤ አንዱ ዕቃ ከመሞቱ በፊት ወደ ሌላው የገለበጡት ሰዎች ናቸው። በሣጥን ያለው የአባት ድምፅ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ለዚያ ቤት ከማንኛውም ተራኪ ድምፅ ይበልጣል፤ ቢበጠስ የሚተካው የለም።

መገልበጡ ከባድ ሥራ አይደለም። ቪሲዲውን ዲስክ ማንበቢያ ባለው ኮምፒውተር ሲከፍቱት «ኤምፔግኤቪ» የሚል ማኅደር ይገኛል። በውስጡ ያለውን ትልቅ ፋይል እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ መቅዳት ነው። ቪኤልሲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያጫውተዋል። አንዱ ማንበቢያ እምቢ ቢል ሌላው ሊያነበው ስለሚችል ተስፋ አይቆረጥ። ለካሴቱ ደግሞ በመጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሮ በስሕተት እንዳይደመሰስ ማድረግ ይገባል። ከዚያም እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማጠንጠን፣ በመጨረሻም ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር አገናኝቶ ኦዳሲቲ በተባለ ነጻ ፕሮግራም መቅዳት ነው። በከተማ ያለ ዘመድ ወይም የኮምፒውተር ቤት ይህን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ካሴቱን ግን በእጅ አድርሶ በእጅ መቀበል እንጂ ለማያውቁት ሰው መስጠት አይገባም።

የተገለበጠው ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ በቤት ባለ ፍላሽ፣ አንዱ በሃርድ ዲስክ ወይም በኮምፒውተር፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቤት ወይም እዚያው ጅዳ ባለችው ልጅ ዘንድ ይሁን። ፍላሽም ዘላለማዊ ስላልሆነ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወደ አዲስ ይዛወር። ይህን ስንል የራስን ቤተሰብ ቅጂ ማለታችን ነው። የሌላውን ሰው የድካም ፍሬ ያለ ፈቃዱ አባዝቶ መሸጥ ግን በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ በእኛም ዘንድ የሰው ሐቅ ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

«ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ይገኛል፤ ዲስክም ፍላሽም ለምን?» የሚል ወጣት አይጠፋም። የሚለው በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት በተባባሰ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ የክልሉ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ ከሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ፎቶና ድምፅ ለባለቤቱ እንደሌለ ነበር። በእጅ ያለ ግን ሠርቷል። ስለዚህ በኢንተርኔት ማስቀመጥ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ብቸኛ ማስቀመጫ ግን አይሁን።

ለዕለት ተዕለት ጥርት ያለ ምስል ለሚፈልግም ሌላ መንገድ አለ። በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ኢትዮሳት ተዛውረዋል። ዲሹ በትክክል ከዞረና ሪሲቨሩ ኤችዲ ከሆነ፣ ያለ ምንም ዲስክ ከዲቪዲ የተሻለ ጥራት ያላቸው ሥርጭቶች በቤት ይገባሉ። አሮጌ ሪሲቨር ያለው ቤት ማጫወቻ ከመግዛት በፊት ሪሲቨሩን ቢቀይር ገንዘቡ ይበልጥ ይታያል።

ማታ በቤት ውስጥ

ስለ ዲስክ ማጫወቻ አንድ ጥሩ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። ዲሽና ስልክ የመጣውን ሁሉ ያቀርባሉ። ዲስክ ግን የሚያሳየው ወላጅ መርጦ ያስገባውን ብቻ ነው፤ ሲያልቅም ያልቃል። «አንድ ይበቃል፤ አሁን ወደ ጥናት» ለማለት ይመቻል። ብሉሬይ ማጫወቻዎች ለልጅ የማይገባ ደረጃ የተሰጠውን ፊልም በምስጢር ቁጥር የሚዘጉበት ቁልፍም አላቸው። ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ እንስሳትና ስለ ባሕር የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን በትልቅ ቴሌቪዥን በዚህ ጥራት ማየት ለልጆች ትምህርት ነው። ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ማየቱ፣ እያንዳንዱ ስልኩን ይዞ በየጥጉ ከመቀመጡ ይሻላል። ይህ ጥቅም ግን ከብሉሬይ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ፍላሽ የተሰካበት ተራ ዲቪዲ ማጫወቻም ይሰጠዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለጠያቂያችን እናት፣ እንዲሁም እንደርሳቸው ላሉ ቤተሰቦች ምክራችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ ልጅዎ ገና ካልገዛች ብሉሬዩ ይቅር። በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ብልጫው ብዙም አይታይም፤ ዲስኩ በአካባቢው አይገኝም፤ ቢበላሽ ጠጋኝ ሩቅ ነው፤ ቪሲዲዎንም ላያነብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በምትኩ ቪሲዲ፣ ዲቪዲና ፍላሽ የሚያነብ ተራ ማጫወቻ ከአገር ውስጥ ይገዛ። ሲገዙ የኒካሑን ቪሲዲ ሳይሆን ሌላ ቪሲዲ ይዘው ሱቁ ውስጥ ያስሞክሩ። ፍላሽም ሰክተው ይዩ። የዋስትና ወረቀት ይቀበሉ።

ሦስተኛ፣ ከሚተርፈው ብር የመጀመሪያው ወጪ ካሴቱንና ቪሲዲውን ማስገልበጥ ይሁን። ሁለተኛው ስታቢላይዘር ነው። ሪሲቨሩ አሮጌ ከሆነ እርሱ ይከተላል።

አራተኛ፣ ልጅዎ ዕቃውን አስቀድማ ገዝታው ከሆነ አይዘኑባት፤ እርሷም አትዘን። ቮልቱ ይታይና ይሰካ። ብዙዎቹ ብሉሬይ ማጫወቻዎች ከፊታቸው የፍላሽ መሰኪያ ስላላቸው የተገለበጠውን የቤተሰብ ቅጂ ያጫውታሉ። ፋይሉ «ኤምፒ4» ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ከበለጠ «ፋት32» በሚባለው አሠራር በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ስለማይገባ ለሁለት ይከፈል።

አምስተኛ፣ ሰፊ ቴሌቪዥን ያለው፣ ከውጭ ዲስክ የሚልክለት ሰው ያለው፣ ፊልም በጥራት ማየት የሚወድ ቤተሰብ ብሉሬይ ቢገዛ አይቆጭም። እስካሁን በቤት ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ የላቀ ምስል የሚሰጠው ይኸው የዲስክ ቤተሰብ ነው።

ለልጅቱም የምንለው አለን። እኅታችን፣ ለእናትሽ የላቀውን ለመላክ ማሰብሽ ያስመሰግንሻል። ነገር ግን እናትሽ ማየት የሚፈልጉት የወንድምሽን ኒካሕ፣ መስማት የሚፈልጉት ደግሞ የአባትሽን ድምፅ ነው። ካሴቱ ሲገለበጥ አንዱ ቅጂ ለአንቺም ጅዳ ይድረስሽ፤ ኢንሻአላህ አባትሽ ለአጎትሽ የላኩት ሰላምታ ከዓመታት በኋላ ለአንቺም ይደርሳል።